ሳላነብላቸው አላሳትምም

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ይዤ ቁጭ ብዬ አንድ ወጣት መጣና "ጋሼ፣ የሰው የሕይወት ታሪክ መጻፍ እንዴት ነው የጀመሩት፣ እኔም የአያቴን ታሪክ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?" አለኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት ሚኒባሱ ሞላ ተባለና ሮጦ ሄደ። መልሱ ግን አልሄደም፣ ሳምንቱን ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ከረመ፣ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው፣ ልጁ ካገኘው ያነበዋል፣ ካላገኘውም ሌላ የአያቱን ታሪክ ሊጽፍ ያሰበ ሰው አይጠፋም።

እኔ የተወለድኩት ድሮ ሞጣ አውራጃ በሚባለው ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ትዝታዬ አውሮፕላን ነው። 1960 ላይ ስድስት ዓመቴ ነበር። ድምፁ ከተራራው ጀርባ መጣ፣ እናቴ እኔንና እህቴን ይዛ ወደ ሸለቆው ሮጠች፣ እታች ስንደርስ ነጠላዋን አውልቃ ራሳችን ላይ አለበሰችን። ነጠላ እኮ ነው። ቦምብን በነጠላ ልትከላከል። ዛሬም ነጠላ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሳይ ያ ድምፅ ይመጣብኛል።

ምን እንደነበረ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1960 መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር የሚባል አዲስ አዋጅ አወጣ፣ የጎጃም ገበሬ ደግሞ መሬቱ ርስት ነው፣ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ፣ ገማቾች መጥተው ማሳው ዳር ሲቆሙ "ይሄ ግብር አይደለም፣ መሬቱን ቃላድ፣ የመለኪያ ገመድ፣ ሊጥሉበት ነው፣ ርስታችንን ሊወስዱት ነው" አለ። በሞጣ፣ በቢቸና፣ በደብረ ማርቆስ አውራጃ ገበሬው ጠመንጃውን ከተሰቀለበት አወረደ፣ መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ላከ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ከብት አለቀ፣ በመጨረሻ ግን ግብሩ ቀረ፣ የጠቅላይ ግዛቱ ገዢም ከሥልጣን ተነሱ። ገበሬው አሸነፈ ማለት ይቻላል፣ ግን በምን ዋጋ።

አምስተኛ ክፍል ስደርስ የታሪክ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ፈለግኩት፣ አክሱም አለ፣ ላሊበላ አለ፣ ጎንደር አለ፣ አድዋ አለ፣ የኔ አውሮፕላን የለም። አስተማሪያችንን ጠየቅኩት። መጀመሪያ በሩን አየ፣ ከዛ ዝቅ ብሎ "እሱ ገና ታሪክ አልሆነም ልጄ" አለኝ። ደግ ሰው ነበር፣ ፈርቶ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን ያቺ "ገና አልሆነም" የምትል ቃል ዕድሜ ልኬን አብራኝ ኖረች። አንድ ነገር ታሪክ የሚሆነው መቼ ነው? ማን ሲፈቅድ ነው? ብዬ ብዬ አስተማሪ ሆንኩ፣ ታሪክ አስተማሪ፣ ከዛም ጸሐፊ።

የመጀመሪያ መጽሐፌ ታዝዤ የጻፍኩት ነው። አንድ አዲስ አበባ የሚኖር ነጋዴ አባቱ በጣሊያን ጊዜ አርበኛ ነበሩ፣ ፊታውራሪ፣ "የአባቴ ስም እንዳይጠፋ ጻፍልኝ፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ" አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልረሳውም። ቴፕ ሪከርደር ገዛሁ፣ ካሴት በካርቶን ያዝኩ፣ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ በእግሬም በበቅሎም እየሄድኩ አሥራ አንድ ሰው አነጋገርኩ። አሥራ አንዱም ወንዶች ነበሩ። ያኔ አላስተዋልኩትም፣ ማለቴ ማንም ሴት አታናግር አላለኝም፣ በቃ ጦርነት ነዋ፣ ጦርነት የወንድ ነው ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ። በየሄድኩበት ቤት ቡና የምታፈላው፣ እንጀራ የምታቀርበው፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጥጥ የምትፈትለው አሮጊት ሁሉንም ነገር ስትሰማ እኔ ማይኩን ወደ ባሏ አዙሬ ነበር።

መጽሐፉን የጻፍኩት እንደ ገድል ነው። እኛ እዚህ ያደግነው ገድል ሲነበብ እየሰማን ነው፣ ወር በገባ ቁጥር፣ ጻድቁ በአንድ እግራቸው ሰባት ዓመት ሲቆሙ፣ እና የሰው ሕይወት ሲተረክ ጆሯችን የሚጠብቀው ያንን ነው፣ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ የተመረጠ፣ ያልተሳሳተ፣ ያልፈራ። ገድል ለቤተ ክርስቲያን ነው፣ ቦታው አለው፣ እወደዋለሁ። እኔ ግን ሚስት ያላቸውን፣ ዕዳ የነበረባቸውን፣ ከወንድማቸው ጋር በወሰን የተካሰሱትን ሰውዬ ጻድቅ አድርጌ አወጣኋቸው። ነጋዴው አለቀሰ፣ በጣም ወደደው።

በ1996 ምረቃው እዛው በሳቸው አገር፣ በደብሩ ሰንበቴ ቤት እንዲሆን ተወሰነ። ሕዝቡ ሞልቷል፣ የዳጉሳ ጠላ ተጠምቋል፣ ቄሶቹ ከፊት ተቀምጠዋል። እኔ አንድ ምዕራፍ ላንብብ ብዬ ያው ደሜን ያሞቀውን መረጥኩ፣ በነሐሴ 1930 ፊታውራሪው አንድ ሸንተረር ላይ የጣሊያንን ስንቅ የያዘ ቅፍለት የመቱበትን። አንብቤ ስጨርስ እልልታ ሆነ። እልልታው ሲበርድ ከኋላ አንዲት እማሆይ ተነሱ፣ ቆብ የደፉ፣ መቋሚያ የያዙ፣ ሰማንያ ዓመት አካባቢ ይሆናቸዋል።

"ልጄ፣ ያ ውጊያ በስንት ነው አልክ?"

"በሠላሳ ነው እማሆይ፣ በ1930።"

"ሉቃስ ነው ማርቆስ?"

አላወቅኩም። የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ አላወቅኩም።

"እኔ ፊደል አልቆጠርኩም" አሉ፣ "ግን የዛ ውጊያ ለት ባሌ ሞተ። ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ሦስት ሱባዔ ሳይሞላ ልጄን ወለድኩት፣ የወለድኩት ጳጉሜ ስድስት ነው። ጳጉሜ ስድስት ሁልጊዜ ትመጣለች? በሉቃስ ማብቂያ እንጂ! አንተ የጻፍከው የማርቆስን ነው። በዛ ሉቃስ ነሐሴ ደግሞ ፊታውራሪ ነፍሳቸውን ይማርና እዚህ አልነበሩም። የባሌን ሞት ለሌላ ሰው ሰጠህብኝ።"

ሰንበቴ ቤቱ ፀጥ አለ።

ማታ የወንጌላዊውን ሒሳብ መሪጌታው ቁጭ አድርገው አሳዩኝ፣ እሳቸው በጣታቸው ነው የቆጠሩት፣ እኔ በወረቀት። ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ እያንዳንዱ ዓመት በተራ ከአራቱ ወንጌላውያን በአንዱ ስም ይጠራል፣ የሽማግሌ ታሪክ ለሚሰበስብ ሰው ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትደምራለህ፣ ለ4 ታካፍላለህ፣ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 1930 ሲደመር 7430፣ ለአራት ሲካፈል 2 ይተርፋል፣ ማርቆስ። 1931 ደግሞ 3 ይተርፋል፣ ሉቃስ። ጣሊያን በሚያዝያ 1928 አዲስ አበባ ገብቶ በ1933 እስኪወጣ ድረስ ጳጉሜ ስድስት የሆነችው አንዴ ብቻ ነው፣ በ1931 መጨረሻ። አንዴ! ስለዚህ የእማሆይ ልጅ የተወለደበት ቀን የማይነቃነቅ ቀን ነው፣ ከየትኛውም ማኅደር ይበልጥ። እና የራሴን መጽሐፍ ገልጬ ሳየው ገጽ 47 ላይ እኔው ራሴ ጽፌዋለሁ፣ በ1931 ክረምት ፊታውራሪው ቆስለው አባይ በረሃ ዋሻ ውስጥ ተኝተው ነበር ብዬ። ሁለቱን ገጾች የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጎን ለጎን አድርጌ ግን አላየኋቸውም። ያንን ቅፍለት የመታው የእማሆይ ባል ከሰባት ሰው ጋር ነው። እኔ መጽሐፍ ውስጥ ባልየው "አንድ ተከታያቸው" ተብሎ አንድ መስመር ላይ አለ።

በነጋታው እማሆይ ቤት ሄድኩ፣ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ቴፑን አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት፣ በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረግ ጠረግ አደረጉለትና ጀመሩ። ጥይት በእህል ስልቻ ውስጥ እንዴት ይሻገር እንደነበር፣ ሴቶቹ ሌሊት ሌሊት ፈጭተው ስንቅ እንዴት እንደሚያደርሱ፣ በቀን ወፍጮ ከተሰማ ለማን ነው የምትፈጭው ተብሎ ስለሚመረመር፣ ጭስ እንዳይታይ የትኛውን እንጨት እንደሚያነዱ። አንድም ቀን ጠመንጃ አልያዙም። ግን ያ ሸንተረር ላይ የነበሩት ስምንት ሰዎች ምን በልተው እንደወጡ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ምክንያቱም የሰጧቸው እሳቸው ናቸው።

ያልተሸጠው ኮፒ ላይ በሙሉ የእርምት ወረቀት በእጄ ለጠፍኩ፣ ነጋዴው ተቆጣ፣ "ገንዘቤን አውጥቼ አባቴን አሳነስክብኝ" አለኝ፣ ከሱ ጋር የታረቅነው ከዓመታት በኋላ ነው። እኔ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ወሰንኩ፣ ሃያ ዓመት አልፎኛል እስካሁን አላፈረስኩትም። ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ አገር የጻፍኩትን ማተሚያ ቤት ከማስገባቴ በፊት ይዤው እሄዳለሁ፣ ለነገሩኝ ሰዎች፣ እዛው ግቢያቸው ቁጭ ብዬ፣ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ሳላነብላቸው አላሳትምም።

ይሄ ቀላል ነገር ይመስላል፣ አይደለም። መጀመሪያ የሚወድቀው ቋንቋህ ነው። "የአርበኞቹ እንቅስቃሴ ስትራቴጂካዊ ፋይዳው የጎላ ነበር" ብለህ ጽፈህ ሄደህ ለአንድ የሰማንያ አምስት ዓመት ገበሬ አንብብለት እስቲ። ያዩሃል። "ማለት?" ይሉሃል። ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስታስረዳቸው በአፍህ ያስረዳህበት አማርኛ ከጻፍከው ይሻላል፣ ያንን ትጽፋለህ። የኔ አጻጻፍ የተስተካከለው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን እዛ ግቢ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው እርማት ነው፣ እና እርማቱ ሁልጊዜ ካላሰብከው ቦታ ነው። አንዱ ስለ ውጊያው ምንም ሳይሉ "በቅሎዋ ቦራ እንጂ ዳማ አይደለችም" ይሉሃል። ሌላው "ያኔ ግራዝማች ነበሩ፣ ቀኛዝማች የተባሉት ከነፃነት በኋላ ነው"፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ማዕረግ ዓመት ይነግርሃል። ጎረቤት ይመጣል፣ ሁለት ሽማግሌ ይጣላሉ፣ እኔ ዝም ብዬ እጽፋለሁ፣ አንዳንዴ ሁለቱንም ቃል እንዳለ መጽሐፉ ውስጥ አስገባለሁ፣ አንባቢው ይፍረድ። ወጣቶቹ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ፣ አያታቸው እንደዛ እንደነበሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙ ፊታቸውን ማየት አለባችሁ።

ከባዱ የባንዳ ነገር ነው። ስለሱ በደንብ ማውራት እፈልጋለሁ ምክንያቱም የሕይወት ታሪክ እጽፋለሁ የሚል ሰው እዚህ አገር ከዚህ አያመልጥም።

ጎጃም በአምስቱ ዓመት አንድ ነበር ማለት ውሸት ነው። በላይ ዘለቀ ነበሩ፣ መንገሻ ጀምበሬ ነበሩ፣ ነጋሽ በዛብህ ነበሩ፣ ኃይሉ በለው ነበሩ፣ እነዚህ ሁሉ አርበኞች ናቸው፣ እርስ በርሳቸውም ሁሌ አይስማሙም ነበር። በሌላ ወገን ራስ ኃይሉ ነበሩ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ፣ በ1924 ከልጅ ኢያሱ ማምለጥ ጋር ተያይዞ ታስረው ጎጃምን ያጡ፣ ጣሊያን ሲመጣ ከጣሊያን ጋር የሆኑ፣ በ1933 ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን በኦሜድላ ገብተው ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ ደግሞ እዛው የተቀበሏቸው። ይሄ ሰው በአንድ ቃል ምንድነው? በአንድ ቃል የሚጽፋቸው ሰው አለ፣ በቀኝም በግራም። እኔ አልችልም። እና ከራስ ኃይሉ ሥር በየቀበሌው፣ በየጎጡ ትንንሽ ራስ ኃይሉዎች ነበሩ፣ ስማቸው የትም ያልተጻፈ፣ ልጆቻቸው ግን ዛሬም ከአርበኛው ልጆች ጋር አንድ ማኅበር የሚጠጡ።

ሁለተኛው መጽሐፌ ውስጥ አንድ ሰው ነበሩ፣ በ1929 ከጣሊያን ደመወዝ የበሉ፣ በ1932 ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ጫካ የገቡ፣ ኋላም በደንብ የተዋጉ። ቤተሰቡ የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው፣ ወይም የሚናገረው። የመጀመሪያውን ያገኘሁት ከሌሎች ሦስት ሰዎች ነው፣ ሦስቱም ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ነገር ነገሩኝ። ጻፍኩት። ከዛ ይዤው ሄድኩ፣ ሳላነብላቸው አላሳትምም ብያለሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ጠዋት ግቢው ውስጥ ሰባት ስምንት ሰው ተቀምጧል፣ ትልቋ ሴት ልጃቸው መሀል ላይ ናቸው። እዛ ገጽ ላይ ስደርስ ድምፄ ተቀየረ፣ ግን አነበብኩት። ወንድ ልጃቸው ብድግ አለ፣ "ይሄ ይውጣ" አለ። እትዬ ግን እጃቸውን አነሱ፣ ቆዩ፣ በጣም ቆዩ። ከዛ "አይወጣም፣ እውነት ነው። ግን ለምን እንደገባ አልጻፍክም" አሉኝ።

ለምን ነበር? ሁለት ወንድሞቻቸው ታስረው ነበር። ጣሊያን ግባና ይፈታሉ አላቸው። ገቡ። አንደኛው ተፈታ፣ ሁለተኛው እስር ቤት ሞተ። በሁለተኛው ሞት ነው ወደ ጫካ የወጡት። ይሄንን ሦስቱ ሰዎች አያውቁም፣ ቤተሰቡም ከዛ በፊት አፍ አውጥቶ አልተናገረውም፣ ምክንያቱም "ለምን" የሚለውን ለመናገር መጀመሪያ "ገብቷል" የሚለውን ማመን አለባቸው። እኔ ሳላነብላቸው ባሳትም ኖሮ አንድ ባንዳ ጽፌ አልፍ ነበር። ቤተሰቡን ብቻ ሰምቼ ባሳትም ኖሮ ደግሞ አንድ ጻድቅ።

ሁሉም እንዲህ አያልቅም። ሌላ ቤተሰብ አለ፣ አነበብኩላቸው፣ ለምነውኛል፣ ሽማግሌ ልከውብኛል፣ እኔም ማስረጃዬን ደግሜ ደጋግሜ አየሁ፣ አላወጣሁትም። እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። ከነሱ አንዱ ልጅነቴን አብሮኝ ከብት የጠበቀ ነው። ትክክል እንደሠራሁ አምናለሁ፣ ግን ልቤ አልሻረም፣ እና ለሻይ ቤቱ ልጅ ይሄን ሳልነግረው ብቀር ቅር ይለኝ ነበር።

ከዛ በኋላ ወደ አገር ታሪክ ገባሁ፣ ማለቴ ለሁሉም አንባቢ የሚሆን የኢትዮጵያ ታሪክ፣ ምሁር ላልሆነ ሰው፣ አውቶብስ ውስጥ የሚነበብ። ሰፊ ነገር ነው፣ እና ከጎጃም ሆኖ ሲጻፍ ሌላ ዓይነት ነው። 1881ን ውሰዱ። የአገር ታሪክ ላይ 1881 አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ዓመት ነው፣ ለአገር ለሃይማኖት የሞቱ ንጉሥ፣ ማንም ሲያነበው ያለቅሳል፣ እኔም አለቅሳለሁ። ግን እዛው ዓመት ውስጥ፣ ከመተማ ጥቂት ወራት በፊት፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከምኒልክ ጋር ተስማምተዋል ተብሎ የዮሐንስ ሠራዊት ጎጃም ገብቶ አገሩን አጥፍቶታል። የጎጃም ሰው ደግሞ ዓመት ቀደም ብሎ በ1880 በሳር ውኃ ከደርቡሽ ጋር ተዋግቶ ያለቀ ነው፣ በዛ ላይ የከብት እልቂቱና ክፉ ቀን መጣ። አያቴ ከአያቷ የሰማችው መተማን ሳይሆን ይሄን ነው። ታዲያ አንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለቱን እንዴት ታደርጋለህ? አንዱን ብታነሣ ዮሐንስን ጠላህ ይሉሃል፣ ሌላውን ብታነሣ ወገንህን ረሳህ። እኔ ሁለቱንም በየወራቸው፣ በተከታታይ ጻፍኳቸው፣ መሀል ላይ ምንም ማስተዛዘኛ ሳላስገባ። ትግራይ ተወልዶ ያደገ አንድ አንባቢ ደውሎ አንድ ሰዓት አወራን፣ ሲጨርስ "የኛም አያቶች እንዲህ የሚሉት የምኒልክ ዘመን አለ" አለኝ፣ ያንን ደግሞ ከሱ ሰምቼ ለሁለተኛው እትም ማስታወሻ ያዝኩ።

እምባቦም እንደዛው ነው። በ1874 ተክለ ሃይማኖትና ምኒልክ ሆሮ ጉዱሩ ላይ ተዋጉ፣ የኛ ንጉሥ ተሸንፈው ቆስለው ተማረኩ። ልጅ ሆኜ ሲወራ የምሰማው እንደ ዘመድ ሞት ነበር። ግን ጦርነቱ ከአባይ ማዶ ያለውን የኦሮሞን አገር ማን ይግዛው በሚል ነው፣ የአገሩ ባለቤትስ? ማን ጠየቀው? ይሄን ያስተማረኝ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ናቸው ብል አላጋንንም። የጎጃምን ትውልድና ታሪክ እንደሳቸው የጻፈ የለም፣ ሠዓሊም ነበሩ፣ እና የተወለዱት ጎጃም አይደለም፣ ከአባይ ማዶ በልጅነታቸው ተማርከው የመጡ የኦሮሞ ልጅ ናቸው። የጻፉት ለብዙ ዘመን በእጅ ጽሑፍ ቆይቶ መጽሐፍ ሆኖ የታተመው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። የጎጃሜን ዘር ማንዘር ቆጥሮ ያስቀመጠልን ሰው ከወንዙ ማዶ የመጣ መሆኑን ሳስብ ወሰን ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ምን ያህል ዓይን እንደሚያበራ ይገባኛል።

ሌላም ከዚሁ አገር አለ። ከዘጌ፣ ከጣና ዳር የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1901 የምኒልክን የሕይወት ታሪክ በአማርኛ ሮም ላይ አሳተሙ። አማርኛቸው ማር ነው። ግን ንጉሡን ለማወደስ ሌላውን፣ በተለይ ዮሐንስን፣ ይጥላሉ፣ ይሄንን የአድዋው ልጅ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ወዲያው ነው የነቀፉት። ገብረ ሕይወት ለታሪክ ጸሐፊ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ይላሉ፣ የተደረገውን የሚያስተውል ልቡና፣ ሳያዳላ የሚፈርድ አእምሮ፣ ያየውንና የፈረደውን የሚያስረዳበት የጠራ ቋንቋ። ከመቶ ዓመት በፊት! ይሄን ወረቀት ላይ ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ እና ከሦስቱ ሁለተኛው ነው ሁሌ የሚከብደኝ።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ያሳተምኩት በራሴ ነው፣ የወረቀት ዋጋ በየዓመቱ ይጨምራል፣ አከፋፋይ ድርሻውን ይወስዳል፣ የቀረውን እኔ ራሴ ካርቶን አውቶብስ ላይ ጭኜ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ እየወረድኩ በየትምህርት ቤቱ በር ሸጫለሁ። አንድ ወቅት መጽሐፌን በሙሉ ስካን አድርጎ ቴሌግራም ላይ የለቀቀው ሰው ነበር፣ ተናድጄ ነበር፣ ከዛ ሱዳን ያለ የጎጃም ልጅ እዛው አግኝቶ ለእናቱ በስልክ ሲያነብላት ከረመ፣ ደውሎ ነገረኝ። ያው የመምህርነት ደመወዝ ባይኖር አልኖርበትም ነበር፣ ባለቤቴ ትመስክር።

ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ደግሞ በላይ ዘለቀን መቼ ነው የምትጽፈው ነው። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ነው፣ እዚህ አባ ኮስትር ሲባል ልቡ የማይዘል ሰው የለም። ጣሊያንን አምስት ዓመት የተዋጉ ሰው በ1937 ነፃ በወጣች አገራቸው ዋና ከተማ ተሰቀሉ። ይሄን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ቀላል ነው። ከጀርባው ያለውን ግን፣ በነፃነት ማግሥት ማን ምን ማዕረግ አገኘ፣ ማን ቅር አለው፣ ማን ማንን ለቤተ መንግሥት ነገረ፣ ይሄን ሁሉ ሰባት ቤት ሰባት ዓይነት ነው የሚያወራው፣ እና የሁሉንም ቤት ግቢ ዞሬ ቁጭ ብዬ ሳላነብ አልነካውም። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ እየሰበሰብኩ። ፍጠን የሚሉኝ አሉ። የነገሩኝ ሽማግሌዎች እያለፉ ስለሆነ እኔም መፍጠን እፈልጋለሁ፣ ግን የተቸኮለ ሕይወት ታሪክ ምን እንደሚያደርግ ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ አይቼዋለሁ።

እማሆይ በ1999 አረፉ፣ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። ልጃቸው ግን አሉ፣ ያ ጳጉሜ ስድስት የተወለዱት። ልደታቸው በአራት ዓመት አንዴ ነው፣ በ2015 ሉቃስ መጨረሻ ላይ ሰማንያ አራት ሞላቸው። ያ ሸንተረር ላይ የነበሩትን የስምንቱን ሰዎች ታሪክ አሁን ለብቻው እየጻፍኩት ነው፣ አጭር መጽሐፍ፣ የማንም ትእዛዝ የለበትም። ባለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያዎቹን አርባ ገጾች ይዤ ሄድኩ። አያ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። የልጅ ልጃቸው ቡና አቀረበች፣ እሷንም አጠገቤ ተቀመጪ አልኳት፣ አያቷ ነገሩ ሲያመልጣቸው እሷ ትይዘዋለች፣ ከቅድመ አያቷ እማሆይ ጉልበት ሥር ነው ያደገችው።

ሰዎቹ ሌሊት ከቤት ወጥተው ወንዙን ሲሻገሩ የሚለው ጋ ስደርስ አያ እጃቸውን አነሱ።

"እዛ ጋ ቁም።"

ቆምኩ።

"በዛኛው መሻገሪያ አይደለም። እናቴ ስንቁን ያደረሰችው ከላይ ባለው ነው፣ ነሐሴ ነው እኮ፣ የታችኛው ይሞላል፣ በሱ የሄደ ሰው አይሻገርም።"

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ቅድመ አያቷ እንደዛ እንደሚሉ ትዝ ይላታል።

ገጹን አጠፍኩትና እርሳሴን አወጣሁ። "እሺ አያ፣ የላይኛው መሻገሪያ ስሙ ማን ነው የሚባለው?" አልኳቸው።